መጀመሪያ ጉዳይ፣ ከተረፈ ሰላምታ

በከሚሴ ረቢአ ጀይሉን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከመኪና የወረደ ነው፣ ወይ በዕድሜው ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ አያውቅም። ዛሬ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ሞባይል የምትሸጥበትና የምታስጠግንበት ጠባብ ሱቅ አላት። የባጃጅ ሹፌሮች ስልካቸውን ቻርጅ የሚያደርጉት እሷ ዘንድ ነው። ታዲያ አንዱ ሰላም ሳይላት ስልኩን ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጎ ሊወጣ ከሞከረ መልሳ ታስጨብጠዋለች። «ባትሪው ያለቀበት ስልኩ ነው እንጂ አንተ አይደለህም፤ ውጣና እንደ ሰው ግባ» ትለዋለች። ሹፌሩም እየሳቀ ይወጣል፣ እንደ ሰውም ይገባል።

ይህን የሚያዩ ልጆች ሴትዮዋ ከተፈጠረች ጀምሮ የሰላምታ ጠበቃ የነበረች ይመስላቸዋል። በዕድሜ ጠና ያሉት ግን አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። ረቢአ በወጣትነቷ የወጣላት ቅጽል ስም «ሰላምታ ቆራጯ» ነበራ። ስሙ እንዴት እንደወጣላትና እንዴት እንደተፋቀ እነሆ።

ዘመኑ ዘጠና አንድ ዓመተ ምህረት ነው። ሞባይል የሚባል ነገር በከሚሴ በወሬም አይታወቅም። ሀጂ ሙሀመድአሚን የሚባሉ ነጋዴ ከአስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት ክፍል የሕዝብ ስልክ ከፈቱና የሃያ ሁለት ዓመቷን ረቢአን ቀጠሯት። አማርኛውም ኦሮምኛውም በአፏ እንደ ውሃ የሚፈስ፣ ድምጿ የጠራ፣ ዐይኗ የማይፈራ ልጅ ነበረች። ስልክ ቤቱ ማለት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጥቁር ስልክ፣ አንድ አግዳሚና ረቢአ ነው። ከአራቱ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው የረቢአ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሚሴ አጠገብ ካለው ከጨፋ ሜዳ ወጥተው ጅዳና ሪያድ የሚኖሩ ልጆች መጀመሪያ ለረቢአ ይደውሉና «እናቴን ለሐሙስ አራት ሰዓት አስጠሪልኝ» ይሏታል። እሷ ወደ ጨፋ ሮቢት ለሚሄድ የሚኒባስ ሹፌር ወይም እህል ሸጦ ለሚመለስ ገበሬ መልእክቱን ትሰጣለች። መልእክቱ ከአፍ ወደ አፍ ተሻግሮ አንዳንዴም ሁለት መንደር አቋርጦ ሳይዛነፍ ይደርሳል። በቀጠሮው ቀን እናትየው የታጠበ ልብሷን ለብሳ፣ ጎረቤት አስከትላ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ጀምራ አግዳሚው ላይ ቁጭ ትላለች።

ችግሩ ስልኩ ሲጮህ ነው የሚመጣው። በጨፋ ሰላምታ አንድ ቃል አይደለም። በአሰላሙ አለይኩም ይከፈታል፤ ወደ ኦሮምኛው «አካም ጂርታ» ይሻገራል፤ በአማርኛ ይደገማል። እናት፣ አባት፣ ልጆች፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ፣ ማሽላው በየተራ ይጠየቃል፤ ለእያንዳንዱም አልሀምዱሊላህ ይባላል። ተጠያቂውም በተራው ያንኑ ሁሉ መልሶ ካልጠየቀ ነውር ነው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ተለያይተው፣ ጀርባ ተሰጣጥተው፣ ከሃያ እርምጃ በኋላም «የአጎትህስ ልጅ?» እየተባባሉ ነው የሚራራቁት። መንገድ ይህን ሁሉ ይችላል። የስልክ ካርድ ግን አይችልም። «ጥጃዋስ?» ላይ ሲደርሱ ጥርቅም ይላል።

እናትየዋ ደስ ብሏት እጀታውን ትመልሳለች፤ ልጇን ሰምታለቻ። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ነው እጇን በደረቷ የምታሳርፈው። አባቱ ታሞ ደሴ መግባቱን አልነገረችውም። መድኃኒቱን ከዚያ እንዲልክ አልጠየቀችውም። ስለ ጥጃዋ ግን ሁሉን ነግራዋለች።

ረቢአ ይህን ስታይ ደሟ ይፈላል። አንድ ወር ቻለች፣ ሁለት ወር ቻለች። በሦስተኛው ወር የካርቶን ክዳን ቀደደችና በወፍራም እስክሪብቶ «መጀመሪያ ጉዳይ፣ ከተረፈ ሰላምታ» ብላ ጽፋ ከስልኩ በላይ ሰቀለችው። ማንበብ ለማይችሉት በቃሏ ታነበዋለች። ከባሕር ማዶ ለሚደውሉትም እጀታውን ለእናታቸው ከማቀበሏ በፊት ታስጠነቅቃቸዋለች። ስልኩን የያዘ ትእዛዝ ይሰጣልና ታዘዟት። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሕጉ ሠራ። መድኃኒቱ ተላከ፣ ሠርግ ተቆረጠ፣ የጠፋ ወረቀት ተገኘ። ሀጂም «ይቺ ልጅ ብታስተዳድረን ጥሩ ነበር» እያሉ በየመስጊዱ ደጃፍ አወሩላት። ቅጽል ስሙ የወጣላት ያኔ ነው፤ እሷም እንደ ሹመት ነበር የተቀበለችው።

አንድ ነገር ግን በሆዷ ይመላለስ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ስታገናኝ ደዋዩ ለእሷ የሚላት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አገናኚኝ»። ረቢአ እንዴት ነሽ ያላት የለም። ሰላምታ የሚያልፍባት ድልድይ ነበረች፤ ድልድይን ደግሞ ደህና ነህ ወይ የሚለው የለም። ይህም የሕጉ ትሩፋት ነው ብላ ተወችው።

ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብሎ ካለ መንደር የሚመጡ ዘሊካ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ቀደም ብሎ ሞቷል። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ሳዑዲ ናቸው። ታላቁ ሙሀመድኑር ጅዳ ውስጥ ሹፌር ነው። ታናሹ አንዋር ስልክ በማይደርስበት በረሃ የሰው በግ ይጠብቃል፤ የእሱን ወሬ የሚያመጣው ታላቅየው ነው። እማ ዘሊካ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሰላምታቸው ግን ከመንደሩ ሁሉ ረጅም ነው፤ ባለፈው ጊዜ ከልጃቸው ጋር ከከብቱ ሳያልፉ ነበር መስመሩ የተዘጋባቸው።

እናም አንድ ሐሙስ አራት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ረቢአ አነሳችና ሙሀመድኑርን ተቆጣችው። ያለፈው እንዳይደገም፣ ጉዳዩን በመጀመሪያው ቃል እንዲናገር አስጠነቀቀችው። እሱም ካርዱ ሊያልቅ የተቃረበ ነውና እሺ አለ። እጀታውን ለእናትየው አቀበለች።

«እማ፣ ስሚኝ» አለ ሙሀመድኑር። «ስለ አንዋር ነው።»

መስመሩ ተዘጋ።

እማ ዘሊካ አልጮሁም። እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። «ልጄን በረሃው በላብኝ።»

ረቢአ መጀመሪያ ምን እንደተፈጠረ አልገባትም። አብራቸው የመጣችው ጎረቤታቸው አሻ እሪ ስትል ነው የገባት። በዚያ አገር ሰላምታ የሚዘለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመርዶ። ሰው ከተካሰሰው ባላጋራ ጋር እንኳ በፍርድ ቤት ደጃፍ ሲገናኝ ስለ ከብቱ ይጠይቀዋል። ሰላም ሳይል ወሬ የጀመረ ሰው ግን ሞት ይዞ መጥቷል ማለት ነው። ከጅዳ ድረስ ደውሎ «ስለ አንዋር ነው» ካለ ደግሞ ምን ቀረ?

ረቢአ ከወለሉ ልታነሳቸው ሞከረች። «ወላሂ ማንም አልሞተም፣ እማ ዘሊካ» አለች። «ሰላምታውን ያስዘለልኩት እኔ ነኝ። ይኸው ሕጉ ተጽፎ ተሰቅሏል።»

አሻ እንባዋን እየጠረገች በሐዘኔታ አየቻት። «አብሽሪ ልጄ» አለቻት። «አንቺም ተቸግረሽ ነው።»

ረቢአ የወደቀችበት ጉድጓድ ጥልቀቱ የታወቃት በዚህ ጊዜ ነው። መርዶ እንደ ሸቀጥ ዋጋ በመንገድ አይነገርም። ቀድሞ የሰማ ሰው ይደብቃል። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ፣ ጧት እስኪሆን፣ ሟቹ «ትንሽ አሞታል» እየተባለ ይቆያል፤ ሲጠረጠርም በአላህ እየተማለ ይካዳል። ይህን መሐላ አላህ አይቆጥረውም ይባላል። ስለዚህ ረቢአ ባስተባበለች ቁጥር ሞቱ እየጠነከረ ሄደ። ስትምል ሞተ፣ ስትለምን ተቀበረ። መልሳ እንዳትደውል ሙሀመድኑር የደወለው ከመንገድ ዳር ስልክ ነው።

ከሰዓት በኋላ በመንደሩ ድንኳን ተተከለ። የመንደሩ ኢማም ሼህ ሙህዲን ጠንቃቃ ሰው ስለነበሩ እርግጠኛ ወሬ ሳይመጣ በሌለ ሰው ላይ አይሰገድም አሉ። ሐዘንተኞቹ ይህንንም ተረጎሙት፤ ሼሁ አውቀው ነው፣ እናትየው እንድትረጋ ጊዜ እየሰጧት ነው ተባባሉ።

በማግስቱ ረቢአ ስልክ ቤቱን ለሀጂ ትታ ወደ መንደሩ ሄደች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ካርቶኗን በብብቷ ይዛ ነበር። በድንኳኑ መሃል ቆማ ከፍ አድርጋ አሳየች፣ ከፍ አድርጋም አነበበች፣ እንዴት እንደሆነ ከሀ እስከ ፐ አስረዳች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ጥሩ ተናግራ አታውቅም። ስትጨርስ አንድ ማንበብ የሚችል ሽማግሌ ካርቶኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየና፣ ለእናትየው ማጽናኛ ብላ ማታ የጻፈችው መሆኑን ለጎኑ ሰው ነገረው። «አላህ ይስጣት፣ የሰው ልጅ ናት» ተባለላት። ሴቶቹ ከአጠገባቸው አስቀመጧትና እሷን ማጽናናት ጀመሩ።

እማ ዘሊካ ጥግ ላይ ናቸው። ከትናንት ጀምሮ ከውሃ በቀር በአፋቸው የዞረ የለም። ድሮም ሥጋ አልነበራቸውም። አሻ ገንፎ ይዛ ብትለምን «ልጄ በአሸዋ ውስጥ ሆኖ እኔ ልብላ?» አሏት። ረቢአ እጃቸውን ስትይዝ እጁ ቀዝቅዟል። ያን ጊዜ ነው ራሷን መጠየቅ የጀመረችው። እስካሁን እርግጠኛ ሆና የምትናገረው ከምን ተነስታ ነው? ሙሀመድኑር ምን ሊል እንደነበር እሷስ መቼ ሰማች? አንዋር እውነት ሞቶ ከሆነ፣ ለእኚህ ሴት ሽማግሌ ሳይሰበሰብ፣ ቃል ሳይለዝብ፣ መርዶን ቆርጣ በሽቦ ያቀበለች እሷ ናት። ካልሞተም እናትየዋ በዚህ አያያዛቸው ሳምንት አይደርሱም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ኖራለች፤ ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስላት ነበር።

ከሚሴ ተመልሳ ስልኩ ሥር ተቀመጠች። ቅዳሜን ዋለች፣ እሑድን ዋለች። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ፈጥና ታነሳዋለች፤ ሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ አገናኝታ መልሳ ትቀመጣለች። ሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ የሙሀመድኑር ድምፅ መጣ። አሠሪው ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ይዞት ሄዶ ገና መመለሱ ነው። ምስኪን ሕጉን አክብሮ «አገናኚኝ፣ ጉዳዩ» ብሎ ሲጀምር ረቢአ አቋረጠችው።

«ቆይ» አለችው። «በመጀመሪያ ስለ ሰፈርህ ጠይቀኝ።»

ሙሀመድኑር ሳቀ። ይህን የምትይው አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ሳቀ። ያን ሳቅ ስትሰማ ረቢአ እማ ዘሊካ ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ወንድሙን የቀበረ ሰው እንዲህ አይስቅም። ከዚያ በኋላ የነገራት ትርፍ ነበር። አንዋር ሚስት ሊያገባ ነው። ያሰባት የሼህ ሙህዲንን ልጅ ፋይዛን ነው። እናቱ ሽማግሌ እንዲልኩለት ታላቁን ለምኖታል። ሐሙስ ዕለት ሊነግር የነበረው ይህንን ነው።

በተራዋ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሙሀመድኑር ደነገጠ፣ አለቀሰ፣ እናቱን አሁኑኑ እንድታስጠራለትና አንዋር በሕይወት መኖሩን እንዲነግራቸው ለመናት።

«እሱን እንዳትል» አለች ረቢአ። «አልሞተም ያልክ ቀን ሞቱ ይጸናል። እኔ ብዬው አይቼዋለሁ። አንዋርን ከበረሃ አምጥተህ ካላናገርክ ደግሞ በመሐላ የሚያምንህ የለም። ካርድ በብዛት ግዛ፤ ለረቡዕ አራት ሰዓት ደውል። ጉዳይ የሚባል ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ። ሰላም ብቻ በል። እንደ ጨፋ ልጅ፣ አንድም ሳትዘል።»

አሁን የቀረው እማ ዘሊካን ወደ ስልኩ ማምጣት ነው። ረቢአ ሄዳ ብትጠይቃቸው የሰማሁትን ሰምቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሰማም አሏት። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እሷ በቀጥታ ወደ ሼህ ሙህዲን አመራች። ሙሀመድኑር ደህና መሆኑን፣ ረቡዕ እንደሚደውል ነገረቻቸው። የልጃቸውን የፋይዛን ስም ግን አላነሳችም፤ እሱን የሚያመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ሼሁ ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙና ወደ ድንኳኑ ገቡ። መርዶ በግማሽ እንደማይቀበሉት፣ ቃሉ ካልተጨረሰ ሶላቱም እንደማይሰገድ፣ ስለዚህ ቃሉን እስከ መጨረሻው መስማት የሐዘንተኛ ግዴታ መሆኑን ተናገሩ። ለዚህ እማ ዘሊካም እምቢ ማለት አልቻሉም።

ረቡዕ ለቀስተኛው በአንድ ሚኒባስ ተጨናንቆ መጣ። አግዳሚው አልበቃም፤ ግማሹ ደጃፉ ላይ ቆመ። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል አሻ እማ ዘሊካን ደግፋ ስልኩ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ስልኩ ጮኸ። ረቢአ አንስታ አንድ ቃል ሳትናገር አቀበለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እማ። አካም ጂርታ?» አለ ሙሀመድኑር።

መለሱለት፤ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። እሱ ቀጠለ። ሎን አካም፣ ከብቱስ? ኦላን አካም፣ ጎረቤቱስ? ማሽላው ያዘ? ዝናቡ ጣለ? ቀዩ በሬ እግሩ ዳነ? እማ ዘሊካ ለእያንዳንዱ አልሀምዱሊላህ ይላሉ። ስለ ጥጃዋ ሲጠይቃቸው ግን ሳያስቡት ጡት መጣሏን ነገሩት። ስለ ጣራው ሲጠይቃቸው ያፈሰው በየት በኩል እንደሆነ ነገሩት። ደጃፉ ላይ የቆሙት መተያየት ጀመሩ። ቃሉ ከውስጥ ወደ ውጭ እየተቀባበለ ይወጣል። ስለ ጣራ ጠየቀ፣ ስለ ጥጃ ጠየቀ።

«የአንዋር ወይፈንስ?» አለ። «ደለበ? እንዳትሸጪው፣ ይፈለጋል።» ይህን ብሎ ሳቀ።

እማ ዘሊካ እጀታውን ከጆሯቸው አንስተው ዐይን ዐይኑን አዩት፣ መልሰው አስጠጉት።

«እስቲ ደግመህ ሳቅ» አሉት።

ሊስቅ ሞከረና እምቢ አለው፤ ተንሰቀሰቀ። ለቅሶውን ሲጨርስ ግን ሳቁ መጣ፤ ሙሉ ሳቅ፣ ከአባቱ የወረሰው፣ መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው። እማ ዘሊካ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

ከዚያ እጀታው ዞረ። ሙሀመድኑር እያንዳንዱን በስሙ ጠራ፣ የእያንዳንዱን ቤት ጠየቀ። ሼህ ሙህዲንን ስለ መስጊዱ፣ ስለ ጀማው፣ ስለ ቤተሰቡ ከጠየቀ በኋላ «ፋይዛስ ደህና ናት?» አላቸው። ቀጥሎ የነበረውን ሽማግሌም ስለ ፋይዛ ጠየቀው። አሻ ስትቀበል እሷንም «ፋይዛስ?» አላት። አሻ ምላሷ ፈጣን ነው፤ እጀታውን በእጇ ሸፈን አድርጋ፣ ስለ አንዲት ልጃገረድ ሦስት ጊዜ የሚጠየቅ ሰላምታ በጨፋ አልነበረም አለች። ሼህ ሙህዲን ወደ ጣራው እያዩ አሳላቸው። ደጃፉ ላይ አንዷ እልል ስትል ሌሎቹ ተቀበሏት። ያዘኑበትን ልብስ እንኳ ሳይቀይሩ፣ አስፋልቱ ዳር፣ መኪና እያቆሙ እልል አሉ።

ካርዱ አለቀ። በዚያ ቀን ስለ ጉዳይ አንድ ዐረፍተ ነገር አልተነገረም፤ ያልገባው ሰውም አልነበረም። እማ ዘሊካ «ርቦኛል» አሉ። ረቢአ ከጎን ካለው ዳቦ ቤት ሮጣ ትኩስ ዳቦና ሻይ አመጣችላቸው፤ ቁጭ ብለው በሉ፣ እሷም ቆማ አየቻቸው።

ጥፋቷን በአፏ አላመነችም፤ ረቢአ ናትና። ነገር ግን በማግስቱ ካርቶኑ በተሰበረው መስኮት ላይ፣ ጽሑፉ ተዘቅዝቆ፣ ተመርጎ ታየ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ቤቱ ሁለት ካርድ ያልያዘ ደዋይ ተግሣጽ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ለሰላምታ፣ አንዱ ለጉዳይ። ከሰላምታ በፊት መርዶ ያልሆነ ጉዳይ የጀመረ ደግሞ በእሷ ስልክ አይጨርስም። አንዋር በዓመቱ መጣ፣ ወይፈኑ ታረደ፣ ፋይዛን አገባ። በሠርጉ ላይ ሰላምታ ቆራጯ ብሎ የጠራት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም አሻ በምላሷ አፉን አስያዘችው።

ዓመታት ሄዱ። የሕዝብ ስልኩ ተዘጋ፣ ሞባይል መጣ፣ ረቢአ የራሷን ሱቅ ከፈተች። የከሚሴ ልጆች በጽሑፍ «ሰላም ነው?» «ሰላም» ተባብለው ይጨርሳሉ። እማ ዘሊካ ግን ሞባይል አልያዙም። ልጄ የሚደውለው በረቢአ ነው ብለው እስከ መጨረሻው በሱቋ ስልክ ነው ያወሩት። ሙሀመድኑርም ከጅዳ ሲደውል ከአሰላሙ አለይኩም ቀጥሎ ቃሉ ሁሌም «እማስ?» ነው።

በሁለት ሺህ አምስት፣ በመኸር ወቅት፣ እማ ዘሊካ ከአስር ሶላት በኋላ በተቀመጡበት አረፉ። አንዋር ሌላ ሰው ዘንድ አልሄደም፤ ባጃጅ ይዞ በቀጥታ ረቢአ ሱቅ መጣ። ወንድሙ እንዴት ይነገረዋል? መንደሩ ውስጥ ስልክ ያልያዘ ወጣት የለም፤ አንዱ ፌስቡክ ላይ ፎቶአቸውን ከለጠፈ በአንድ ደቂቃ ጅዳ ይደርሳል። ረቢአ ሱቋን ቆለፈች። ድንኳኑ እንደደረሰች ቁና አስመጥታ የልጆቹን ሞባይል አንድ በአንድ ለቀመች። አሥራ አንድ ሞባይል። ያኮረፈ ነበር፤ እምቢ ያለ ግን አልነበረም።

ከዚያ በራሷ ስልክ ጅዳ ደወለች፤ ለሙሀመድኑር ሳይሆን አብረውት ለሚኖሩት የአገሩ ልጆች። መጀመሪያ በወጉ ሰላም ተባባሉ። ቀጥላ ነገረቻቸው። ማታውን ከጎኑ እንዳይለዩ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ በዕድሜ የሚበልጡትን እንዲሰበስቡ፣ ተምርም ቢሆን እንዲቀምስ እንዲያደርጉ፣ ቀስ ብለው እነሱው እንዲያረዱት። አንደኛው አጭር መልእክት ብንልክለትስ ብሎ ነበር፤ ምን እንዳለችው እዚህ አይጻፍም። ሽማግሌን በስልክ መሰብሰብ ይቻላል፤ መርዶን ግን ስልክ አያረዳም። ይህ ሁለተኛው ሕጓ ነው፤ ካርቶን ላይ አልጻፈችውም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ፣ የረቢአ ስልክ ጮኸ። ሙሀመድኑር ነው። ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍታ ስልኩን በመዳፏ ያዘችው።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ። ድንኳኑ በአንድ ድምፅ መለሰለት።

በሰላምታው ሥርዓት ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል፤ «እማስ?» ነው። ለአሥራ አራት ዓመት ያለማቋረጥ መጥቷል። አሁን ግን አልመጣም። ፋይዛ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ረቢአ መስመሩ የተዘጋ መስሏት ስልኩን አየች፤ ሰከንዶቹ እየተቆጠሩ ነው፣ ትንፋሹም ይሰማል።

«ረቢአ» አለ ሙሀመድኑር። «አካም ጂርታ? አንቺስ ደህና ነሽ? ጤናሽስ? ቤትሽስ?»

ረቢአ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ለስንት ሺህ ሰው ያቀበለችው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሷው ተደውሎ በስሟ መጥቶ ቆሟል፤ ያውም በዚያ ቦታ። አልሀምዱሊላህ አለች። ከዚያም ስለ ጉልበቷ ነገረችው፣ ስለ ሱቋ ነገረችው፣ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ነገረችው። በተራዋም እሱን መልሳ ጠየቀችው፤ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ አብረውት ያሉትን በየስማቸው፣ አንድም ሳትዘል። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ቁጭ ብሎ ጠበቃት።